ስንት ጽሑፍ አሳተመ? የአንድን ሐኪም የምርምር ዝርዝር እንዴት እናንብብ

አንድ የጎንደር ሐኪም የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሲያገኝ ዜናው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። የትምህርት ደረጃው ይነገራል፤ ያስተማረበት ዘመን ይጠቀሳል፤ ከዚያም «በታወቁ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ይህን ያህል የምርምር ሥራዎች አሳትሟል» ይባላል። የከተማው ሰው ከልቡ ደስ ይለዋል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያስረዳው የለም። ሠላሳ ጽሑፍ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መቶ ሃያ ያሳተመው አርባ ካሳተመው ይበልጣል? ብዙ የጻፈ ሐኪም እጁም የዚያኑ ያህል የሠለጠነ ነው?

ጥያቄው የሚመለከተው ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ አይደለም። ልጁን ወይም እናቱን ለከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያቀርብ ቤተሰብ ዛሬ የሐኪሙን ስም በስልኩ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ረጅም የጽሑፎች ዝርዝር ነው። ይህ ማብራሪያ ያን ዝርዝር ለማንበብ ይረዳል። ለምሳሌነት የተመረጡት የጉበት ቀዶ ሕክምናና የድንገተኛ ሕክምና ናቸው፤ በሁለቱ ሙያዎች የሚሠሩ ጥናቶች እጅግ ስለሚለያዩ ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉበትና ድንገተኛ ክፍል በአንድ ሰው ዝርዝር ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ?

የሚያገናኛቸው ደም ነው። ጉበት በቀኝ ጎናችን፣ ከጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ፣ በጎልማሳ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፍበታል። ከዚህ ደም ሦስት አራተኛው ገደማ ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ ፖርታል ቬይን በሚባል ትልቅ የደም ሥር የሚገባ ነው። ስለዚህ ጉበት ሲቆረጥም ሲቆስልም አብዝቶ ይደማል።

ዕጢ ለማውጣት አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ የሚገባው የቀዶ ሐኪም ትልቁ ጭንቀቱ ይህ ደም ነው። የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሐኪም የሚጨነቀውም ለዚሁ ነው። በአዘዞ መንገድ በተሽከርካሪ አደጋ ሆዱን የተመታ ወጣት ሲመጣለት መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ የጉበት ወይም የጣፊያ መቀደድ ነው። ከጣና ዳርቻ የመጣ፣ ለዓመታት በቢልሃርዚያ ጉበቱ የተጎዳ ገበሬ ደግሞ ደም እያስታወከ ይደርሳል። የተጎዳው ጉበት ደሙን እንደ ልብ ስለማያሳልፈው በፖርታል ቬይን ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ በጉሮሮ ቧንቧ ግድግዳ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። የጉበት መግል፣ ከውሻ በሚተላለፍ የትል እጭ የሚፈጠር ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ «የወፍ በሽታ» የምንለው የዓይን መቢጨት፣ ሁሉም አንዳንድ ጊዜ የሚታዩት በሌሊት፣ በድንገተኛ ክፍል በር ነው።

የሁለቱን ዝምድና ከሁሉ በላይ የምታሳየው አንዲት የቆየች ጽሑፍ ናት። በ1908 በስኮትላንድ ግላስጎው ይሠራ የነበረው የቀዶ ሐኪም ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ በተባለው ጆርናል ላይ በአደጋ የተቀደደ ጉበት ደሙ እንዴት ሊቆም እንደሚችል ጻፈ። ወደ ጉበት የሚገቡት ሁለት የደም ሥሮች ከሐሞት ቱቦው ጋር በአንድ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ያልፋሉ። ሐኪሙ ያንን ጥቅል በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ቢጫነው ወደ ጉበት የሚገባው ደም ይቆማል፤ በዚያች ፋታ ቁስሉን ማየትና መስፋት ይቻላል። ጥቅሉ ተይዞም ደሙ ካልቆመ የሚደማው ከጉበት ጀርባ ካሉት የመውጫ ደም ሥሮች እንደሆነ ይታወቃል፤ ይህም ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ፕሪንግል በጽሑፉ ያቀረባቸው ሕሙማን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገላቸውም አልተረፉም። ዘዴው ደሙን እንደሚያቆም ግን በዓይኑ አይቶ ነበርና በጥንቸሎች ላይ ደግሞ አረጋገጠው። ለድንገተኛ አደጋ የታሰበው ይህ ዘዴ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በታቀደ የጉበት ቀዶ ሕክምናም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ብዙ ሐኪሞች ጥቅሉን ለ15 ደቂቃ ይይዙና ለ5 ደቂቃ ይለቁታል፤ ጉበቱ ያለ ደም ብዙ እንዳይቆይ። ያቺ ጽሑፍ በቁጥር አንድ ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ በ1957 ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ ጉበት የየራሳቸው የደም መግቢያና የሐሞት መውጫ ባላቸው ስምንት ክፍሎች እንደሚከፈል በዝርዝር አሳየ። የቀዶ ሐኪሞች የታመመውን ክፍል ለይተው አውጥተው ጤነኛውን መተው የቻሉት ይህን ካርታ ይዘው ነው። ጤነኛ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቢወጣለት እንኳ የቀረው ክፍል በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያድጋል፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሌላ የውስጥ አካል የለንም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ የተጎዳ ጉበት ግን ይህን ያህል አይችልም። በጉበት ቀዶ ሕክምና ላይ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች «ከዚህ ሕመምተኛ ምን ያህል ማውጣት ይቻላል?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚዞሩት ለዚህ ነው።

«አሳተመ» ሲባል ምን ተደረገ ማለት ነው?

ተመራማሪው ጥያቄውን ያነሣል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያገኛል፤ መረጃ ይሰበስባል፤ ይተነትናል፤ ይጽፋል። ጽሑፉን ለጆርናል ሲልክ አዘጋጁ በዚያው ሙያ ላሉ ሌሎች ባለሙያዎች ያስተላልፈዋል። እነርሱም አንብበው ይተቻሉ፤ «ይህን አስተካክል፣ ያንን አስረዳ» ይላሉ፤ ወይም አይታተም ይላሉ። ይህ የአቻ ግምገማ ይባላል። ጽሑፍ ተልኮ እስኪታተም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

በደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም ድጓ ማስመስከር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ደቀ መዝሙሩ የትም ተምሮ ቢመጣ፣ በዚያ ባሉት መምህር ፊት ተፈትኖ ካላስመሰከረ የድጓ መምህርነቱ አይጸናም። የአቻ ግምገማም የሙያው ሰዎች ምስክርነት ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፤ በቤተ ልሔም መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ዜማ በጆሯቸው ይሰማሉ። የጆርናል ገምጋሚ ሕመምተኛውን አላየም፤ ካርዱንም አላገላበጠም። የሚያየው ጸሐፊው የላከለትን ወረቀት ነው። ስለዚህ የአቻ ግምገማ ደካማ አመክንዮንና የተሳሳተ ስሌትን ይይዛል፤ ሆን ተብሎ የተፈጠረ መረጃን ግን ብዙ ጊዜ አይይዝም።

በዝርዝሩ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ምን ትላለች?

መስመሯ በጸሐፊዎቹ ስም ትጀምራለች። ከዚያ የጽሑፉ ርእስ፣ የጆርናሉ ስም፣ ዓመቱ፣ ቅጽና ገጹ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ይከተላል። ትልቁ ቁም ነገር ያለው በስሞቹ ቅደም ተከተል ነው።

በሕክምና ጽሑፎች ልማድ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ሥራውን በዋናነት የሠራውና የጻፈው ነው። መጨረሻ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ቡድኑን የመራው አንጋፋ ተመራማሪ ነው። መካከል ያሉት አስተዋፅኦ አድርገዋል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ከቦታቸው ብቻ አይታወቅም። በ1978 በቫንኩቨር ተሰብስበው የጀመሩት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ የሚባለው ማን እንደሆነ አራት መስፈርት አስቀምጧል፦ በሥራው ሐሳብ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ የነበረው፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በጥልቀት ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ስለ ሥራው በሙሉ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ። አራቱም መሟላት አለባቸው። የክፍል ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ስሙ የሚገባ ሰው፣ ወይም ጥቂት ካርድ ስላወጣ ብቻ ደራሲ የሚባል ሰው መስፈርቱን አያሟላም። በተግባር ይህ ደንብ በየአገሩ ይጣሳል፤ በአገራችንም ያለ ችግር ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የደራሲዎቹ ብዛት ራሱ የሥራው ባሕርይ የሆነበት ጽሑፍ አለ። በ2021 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ የታተመ፣ ኮቪድና ቀዶ ሕክምናን የሚመለከት አንድ ጽሑፍ 15,025 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ116 አገሮች መረጃ የሰበሰቡ ሐኪሞች ናቸው፤ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብም ሰፍሯል። የዓለም የበሽታ ጫናን የሚያሰላው ዓለም አቀፍ ጥናትም በየጽሑፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች አሉት፤ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተመራማሪዎች ይሳተፉበታል። ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ግን አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ስሙ ሃያ ጊዜ ቢገባና ሌላው ሰው አንድ ጽሑፍ ከጥያቄው እስከ መጨረሻው መስመር ቢሠራ፣ በቁጥር ብቻ ስናወዳድራቸው ሁለተኛውን እንበድለዋለን።

የኢትዮጵያዊ ስም ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱና የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። አበበ ከበደ፣ አልማዝ ከበደና አስቴር ከበደ ሦስቱም በዝርዝር ላይ «ከበደ አ.» ሆነው ይወጣሉ። እንደዚህ የአንዱ የጉበት ጥናት የሌላው የእናቶች ጤና ጥናት ውስጥ ይገባል። በላቲን ፊደል አጻጻፍም ችግሩ ይብሳል፤ ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጆርናል በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል፤ አንዲት ተመራማሪ ሁለት ሰው ሆና ትታያለች። ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አሐዝ መለያ የተፈጠረው እንዲህ ያለውን መደባለቅ ለማስቀረት ነው። ስለዚህ በስልካችን አንድ ስም ፈልገን ረጅም ዝርዝር ስናገኝ መጀመሪያ ልናረጋግጠው የሚገባው ዝርዝሩ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን ነው። የሚሠራበት ተቋምና የኦርኪድ ቁጥሩ ይረዳሉ።

ሁሉም ጽሑፍ እኩል ይመዝናል?

አይመዝንም፤ የዚህ ማብራሪያ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

በጉበት ቀዶ ሕክምና ሕመምተኛው ጥቂት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነው፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጽሑፎች የአንድን ሰው ታሪክ የሚተርኩ የሕመምተኛ ዘገባዎች፣ ወይም በአንድ ሆስፒታል የታከሙ ሰዎችን ካርድ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚመረምሩ ጥናቶች ናቸው። የመጨረሻው ዓይነት በጎንደር ላለ ወጣት ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት በመሠልጠን ላይ ላለ ሐኪም) የታወቀ ሥራ ነው። የአምስት ዓመት መዝገብ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ይወጣል፤ በመዝገቡ ቁጥር ካርዶቹ ከካርድ ክፍል ይፈለጋሉ፤ አንዳንዱ ካርድ ይጠፋል፤ በአንዳንዱ የደም ምርመራው ውጤት አልተጻፈም፤ በሌላው ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ የሚናገር መስመር የለም። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚወጣው ጥናት በአካባቢያችን ምን ዓይነት በሽታ እንደሚበዛ ይነግረናል። አንድ ሕክምና ከሌላው እንደሚሻል ግን ማረጋገጥ አይችልም፤ ሐኪሞቹ ይህኛውን ሕክምና ለዚህኛው ሰው የሰጡት በምክንያት ነውና።

ይህን ለማረጋገጥ ዕጣ ያስፈልጋል። ሕሙማኑ በፈቃዳቸው በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ መድኃኒቱን ያገኛል፤ ግማሹ መድኃኒት የሚመስል ግን ምንም የሌለበትን። ማን የትኛውን እንዳገኘ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ልዩነት ከተገኘ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው ለማለት ይቻላል። ድንገተኛ ሕክምና ሕመምተኛው ብዙ፣ ውሳኔውም የደቂቃዎች ስለሆነ እንዲህ ያሉ ታላላቅ ሙከራዎች ተደርገውበታል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን መድኃኒት እንመልከት። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የታተመው ክራሽ-2 የተባለው ሙከራ በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች፣ በአደጋ የተጎዱ 20,211 ሰዎችን አሳትፎ ነበር። መድኃኒቱን ካገኙት 14.5 በመቶ፣ ካላገኙት 16 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ በዓለም ላይ በአደጋ ለሚሞተው ሰው ሲሰላ ግን ብዙ ነፍስ ነው። በማግሥቱ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ለዚሁ አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

እዚህ ላይ ብልህ የሚመስል ሐሳብ ይመጣል፦ በአደጋ የደማን ሰው ከረዳ፣ ጉበቱ ታሞ ደም የሚያስታውከውንም ይረዳ ይሆናል። ትንንሽ ጥናቶችም ይህን የሚደግፉ ይመስሉ ነበር፤ ተደምረው ሲታዩ መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ ያመለክቱ ነበር። በ2020 ሆልት-አይቲ የተባለው ሙከራ በ15 አገሮች 12,009 ሕሙማንን አሳትፎ ውጤቱን አወጣ። በአምስት ቀን ውስጥ በመድማት የሞቱት በሁለቱም ወገን 4 በመቶ ያህል ነበሩ። ጥቅም አልተገኘም። ይባስ ብሎ መድኃኒቱን ባገኙት ላይ በደም ሥር ውስጥ የሚፈጠር የደም መርጋት በእጥፍ ጨመረ፤ ከ0.4 ወደ 0.8 በመቶ። ከታማሚዎቹም ብዙ ሰዎች የጉበት ሕመም ያለባቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። ቀደም ሲል በዚህ መድኃኒት ላይ ትንንሽ ጥናት የሠሩት ሰዎች በዝርዝራቸው ላይ አንድ አንድ መስመር አላቸው። ሆልት-አይቲም ሠሪዎቹ ዝርዝር ላይ ያው አንድ መስመር ነው። በቁጥር እኩል ናቸው። በዛሬው ሌሊት በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ባለው ሕመምተኛ ዘንድ ግን እኩል አይደሉም።

ከአፍሪካም አንድ መጨመር አለብኝ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በዑጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተደረገው ፊስት የተባለው ሙከራ በከባድ ትኩሳት ታመው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን ይመለከት ነበር። በበለጸጉት አገሮች መመሪያ መሠረት እንዲህ ላለ ሕፃን በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ግዴታ ነበር። በ2011 የወጣው ውጤት ዓለምን አስደነገጠ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ ከ10 በላይ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ከመቶ 7። ተጨማሪ የጽኑ ሕክምና መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው መመሪያ ልጆችን ይጎዳ ነበር። ይህን ያወቅነው እዚሁ አህጉር፣ እንደ እኛ ባሉ ሆስፒታሎች ስለተጠና ነው።

ኤች-ኢንዴክስና ኢምፓክት ፋክተር የሚባሉትስ?

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። አንድ ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 12 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 12 ጊዜ በሌሎች የተጠቀሱ 12 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሦስት ጽሑፍ ብቻ ጽፎ ሦስቱም አምስት አምስት መቶ ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው። ፕሪንግልን በዚህ መስፈሪያ መለካት ምን እንደሚያስከትል ማየት አያዳግትም። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ ብዙ ሰው በሚሠራበት መስክም ይጨምራል፤ ስለዚህ የጉበት ቀዶ ሐኪምን ከልብ ሐኪም ጋር በእርሱ ማወዳደር አያስኬድም።

ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ የጆርናሉ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የታተሙት ጽሑፎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይናገራል። ጥቂት ጽሑፎች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትቱት በዚያ ጆርናል ስለወጣችው ስለዚህች ጽሑፍ ብዙም አይነግረንም።

የታተመ ጽሑፍ ሊሻር ይችላል?

ይችላል። ስሕተት ወይም ማጭበርበር ሲገኝ ጆርናሉ ጽሑፉ መሻሩን ያስታውቃል። ሽረት ሁልጊዜ ነውር አይደለም፤ ስሕተታቸውን ራሳቸው አግኝተው ጽሑፋቸውን ያሻሩ ሐቀኛ ተመራማሪዎች አሉ። የጀርመናዊው የማደንዘዣ ሐኪም የዮአኪም ቦልት ታሪክ ግን ሌላ ነው። ደም ለፈሰሰውና ለተዳከመ ሕመምተኛ የሚሰጥ፣ ከስታርች የተሠራ ፈሳሽን የሚደግፉ ብዙ ጽሑፎች ነበሩት፤ ዝርዝሩ ረጅም፣ ስሙም የታወቀ ነበር። በ2011 የሥነ ምግባር ፈቃድ ያልተገኘባቸው ሆነው በመገኘታቸው ዘጠና የሚጠጉ ጽሑፎቹ ተሻሩ፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረዋል። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች የእርሱን ሥራዎች አውጥተው የቀሩትን ጥናቶች ሲደምሩ ያ ፈሳሽ ሞትንና የኩላሊት ጉዳትን እንደሚጨምር ታየ። አንድ የረዘመ ዝርዝር በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞችን እጅ አሳስቶ ነበር።

በሌላ በኩል ገንዘብ ተቀብለው፣ ያለ እውነተኛ ግምገማ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያትሙ አታላይ ጆርናሎች አሉ። ለወጣት ተመራማሪዎች በኢሜይል እየጻፉ ይጋብዛሉ፤ ስማቸውም ከታወቁ ጆርናሎች ስም ጋር ሆን ተብሎ ይመሳሰላል። ዕድገት በጽሑፍ ቁጥር በሚለካበት ቦታ ሁሉ ገበያቸው ይደራል። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን እየገመገመ ዕውቅና መስጠት የጀመረው ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ነው። አንባቢ ራሱ ለማጣራት ፐብሜድ በተባለው የነፃ መፈለጊያ ጽሑፉን መፈለግ ይችላል፤ ከ35 ሚሊዮን በላይ የሕክምና ጽሑፎችን መረጃ ይዟል፤ የተሻረ ጽሑፍ ሲገኝም መሻሩ በግልጽ ተጽፎበት ይታያል።

ከጎንደር የሚወጣ ትንሽ ጥናት ታዲያ ምን ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው፤ ከመነሻው የአካባቢውን ሕመም ለማጥናትና ለማከም የቆመ ትምህርት ቤት ነው። በዳባት ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው የምርምር ማዕከል በየቤቱ ልደትንና ሞትን እየመዘገበ ይከታተላል። ከመተማና ከሁመራ እርሻዎች ጉበታቸውና ጣፊያቸው አብጦ የሚመጡት የካላ አዛር ሕሙማን በጎንደር ይታከማሉ፤ ይጠናሉ። እነዚህን በሽታዎች ለንደን ወይም ቶኪዮ ያለ ሐኪም ዘወትር አያያቸውም፤ እኛ ካልጻፍንላቸው የሚጽፍላቸው ጥቂት ነው።

ትንሽ የሚመስል ምልከታ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል የእንዶድ ታሪክ ይመሰክራል። በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ጉበትን እስከ ማጥፋት የሚያደርሰው የቢልሃርዚያ ተውሳክ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ግኝቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ረጅም ዓመታት ደክመዋል። በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

ስለዚህ የአንድ የጎንደር ሐኪም ዝርዝር በሕመምተኛ ዘገባዎችና በካርድ ጥናቶች የተሞላ ቢሆን አንናቀው። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ጥያቄዎቹ ተያያዥ ናቸው? አንዱ ጥናት ሌላውን ይወልዳል? ደም እያስታወኩ የሚመጡትን ቆጥሮ የጀመረ ሐኪም፣ ቀጥሎ ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ ጠይቋል? ከዚያስ በመዘግየታቸው ላይ የተደረገ ነገር አለ? እንዲህ ያለ ዝርዝር በአሥር መስመርም ቢሆን የአንድ ሰው ሐሳብ ሲያድግ ያሳያል። አርባ መስመር ሆኖ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር የማይነጋገር ዝርዝር ግን ብዙውን ጊዜ የቁጥር ሩጫ ነው።

ብዙ ያሳተመውን ሐኪም ለኦፕራሲዮን ልምረጥ?

በድንገተኛ ጊዜ ምርጫ የለም፤ የሚደማ ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ነው የሚሄደው። ቀጠሮ ለሚያዝለት የጉበት ቀዶ ሕክምና ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የታተመው ዝርዝር ብቻውን በቂ አይደለም የሚል ነው። ጽሑፍ ሐኪሙ እንደሚያነብ፣ እንደሚጠይቅ፣ ሥራውን በሌሎች ፊት እንደሚያቀርብ ያሳያል። የእጅን ሥራ አያሳይም። በዚህ ዓይነቱ ከባድ ቀዶ ሕክምና ውጤቱን በእጅጉ የሚወስነው ቡድኑ ነው፦ ልምድ ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ፣ በቂ ደም ያለው የደም ባንክ። ብዙ እንዲህ ያለ ሥራ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ቤተሰብ ያለ ይሉኝታ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ባለፈው ዓመት በዚህ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ለስንት ሰው ተደረገ? ከእነርሱ ስንቱ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተመለሰ? በ90 ቀን ውስጥ ስንቱ አረፈ? ዘጠና ቀን የሚባለው በምክንያት ነው። ከጉበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረው ጉበት ሥራውን መሸከም ሲያቅተው ሰውየው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ሳምንታት ይወስዳል። እስከ 30 ቀን ብቻ የሚቆጥር ዘገባ እነዚያን ሞቶች ይስታቸዋል፤ ስለዚህ የሐኪሙን ጽሑፎች የምናነብ ከሆነም በውጤት ሠንጠረዡ ላይ የተቆጠረው 30 ቀን ይሁን 90 ቀን ማየት ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ችግርም ከ2004 ጀምሮ ክላቪየን-ዲንዶ በተባለው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ቀላሉ ሲሆን 5 ሞት ነው። «ጥቂት ችግር አጋጥሞናል» ከሚለው መልስ ይልቅ «ሦስተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የደረሱት እነዚህን ያህል ናቸው» የሚለው መልስ ለቤተሰቡ ይጠቅመዋል፤ መዝገቡን የያዘ ሐኪምም ይህን ለመናገር አይቸገርም።